ከአስፋልቱ የምትታየው አምፖል

የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመብራት ሳጥኑን ክዳን ከፈተ፤ ሽቦዎቹን ለአፍታ አየና መልሶ ዘጋው። ሁለተኛው፣ አብዱላሂ፣ ደግሞ ካቻቢቴውን ከኪሱ እንኳ አላወጣም።

«ይህን የሠራው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ቢቂላ» አለች ትዕምርት። ስሙን ጮክ ብላ ከጠራችው ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር።

«የበደሳው ቢቂላ? እንግዲያው እሱው ይምጣ። እኛ ሰው በሠራው ሥራ ላይ እጃችንን አናስገባም። ነገ አንድ ነገር ቢቃጠል የሱ ይሁን የኔ በምን ይታወቃል? ደውዪለት፤ ቁጥሩን ክዳኑ ውስጥ ጽፎታል።»

ጽፎታል። በጥቁር ማርከር፣ ስሙን፣ ቁጥሩንና ወሩን። ትዕምርት ግን ለማንበብ አልጎነበሰችም፤ ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች።

ጭሮ ከተማ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የጋሽ ታደሰ ቤት ከአስፋልቱ በላይ ዳገቱ ላይ፣ ረጅም የድንጋይ ግንብ ተደግፎ የቆመ ቤት ነው። ጋሽ ታደሰ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአይሱዙ መለዋወጫ ሸጠው ቤቱን የሠሩ፣ በሰፈሩ የመጀመሪያውን ጄኔሬተር ያስገቡ ሰው ናቸው። አሁን ሳምባቸው ደክሞ ቀንም ማታም በኦክስጅን ማሽን ይተነፍሳሉ። ጄኔሬተሩ ይነሳል። ችግሩ ሳጥኑ ላይ ነው። ቼንጅ ኦቨር ይሉታል። አንድ እጀታ አለው፤ ወደ ላይ ሲሉት ቤቱ ከከተማው መስመር ይቀበላል፣ ወደ ታች ሲሉት ከጄኔሬተሩ፣ መሃል ላይ ሲተውት ከሁለቱም አይቀበልም። ከትናንት ጀምሮ ወደ ታች ሲሉት አምፖሎቹ እየተርገበገቡ ይደክማሉ፤ ማሽኑም ጮኾ ይጠፋል። ትዕምርት ከጄኔሬተሩ ላይ ረጅም ገመድ ስባ፣ በአባቷ መስኮት አስገብታ፣ ማሽኑን በቀጥታ ሰካችው። ቤቱ በሙሉ ጨልሞ አንድ ማሽን ብቻ ይሠራል።

«ጥሪው» አሉ ጋሽ ታደሰ ከአልጋቸው ላይ።

«ማንን አባባ?»

«የሠራውን ሰው።»

እህታቸው ቦጋለች የብርድ ልብሱን ጫፍ እያስተካከለች ሳቅ አለች። እትዬ ቦጋለች ወንድሟን የማትፈራ ብቸኛ ሰው ናት። «ወይ ጉድ! ያኔ ሽማግሌዎቹን ቡና እንኳ ሳታስቀምስ ሸኝተህ፣ ዛሬ መብራቴን ክፈትልኝ ልትለው ነው?»

«ቦጋለች፣ ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነኝ፤ ወሬ የበዛው አንቺ።»

ትዕምርት ወደ በረንዳው ወጣች። ጣቷ ቁጥሮቹን ሳይሳሳት ነካቸው።

«ሃሎ?»

ድምፁ ትንሽ ወፍሯል። «ቼንጅ ኦቨሩ ነው» አለች። ማን እንደሆነች መናገር እንደነበረባት የገባት ከተናገረች በኋላ ነው።

እሱም ማን ነሽ ብሎ አልጠየቀም። «እጀታውን መሃል ላይ አድርጊው። ማንም እንዳይነካው። እመጣለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዋ አላነሳችውም። ያን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች፤ ሲመጣ ግን ለሽቦ ሆኖ መጣ።

* * *

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመርቃ የመጣች ሰሞን ነበር። ቢቂላ ጄኔሬተሩን ለመትከልና ሳጥኑን ለመሥራት ሁለት ሳምንት ተመላለሰ። አባቱ በደሳ አጠገብ ቡና የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ እሱ ሙያውን ከሰው እጅ አይቶ የተማረ፣ እሑድ እሑድ ጴንጤዎቹ ጉባኤ ውስጥ ኪቦርድ የሚመታ ልጅ ነው። መሰላል ላይ ሆኖ «ቀዩን አቀብዪኝ» ይላታል፤ ታቀብለዋለች። «ሰማያዊውን» ይላል። አንድ ቀን የጠየቃት ሽቦ አስቀድሞ በእጁ እንዳለ አየች። አየሁህም አላለችው፤ ሌላ አቀበለችው።

ሥራው ሲያልቅ በግንቡ ማዕዘን ላይ፣ ከአስፋልቱ ትይዩ፣ አንዲት ትንሽ አምፖል ሰቀለ። የከተማው መስመር አያበራትም፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ብቻ ትበራለች። «አባትሽ ከሱቅ ሲመለሱ ከታች ሆነው ቤቱ በጄኔሬተር እንዳለ እንዲያውቁ ነው» አላት። ከግቢ ውስጥ አትታይም። የሞከሩት ዕለት ትዕምርት ጄኔሬተሩ ጋ ቆመች፣ እሱ ወደ አስፋልቱ ወርዶ ከታች «በራች!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ታደሰ ሽማግሌዎቹን በር ላይ አቁመው፣ «ቤቴ መብራት እንዲያስገባ ጠራሁት እንጂ ልጄን እንዲያይ አልጠራሁትም። ደግሞስ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሊያገባት ነው?» አሉ። ነገሩ በዚያው አበቃ።

በሳምንቱ መሰላሉን ሊወስድ መጣ። ሲያልፍ ቀና ሳይል «ክዳኑን እዪው» አላት። ደብዳቤው የሳጥኑ ክዳን ውስጥ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር።

«ትዕምርት፣ ሚኤሶ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። አባትሽ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኳቸውም። ያንቺን ግን ከራስሽ አልሰማሁም። ቅዳሜ አመሻሽ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ ዕቃዬን ይዤ ከቤታችሁ በታች አስፋልቱ ዳር እቆማለሁ። ፈቃድሽ ከሆነ ጄኔሬተሩን አስነሺውና የማዕዘኗ አምፖል ትብራ። የቤቱን መብራት ማንም ያበራዋል፤ እሷን ግን መብራት እያለ አንቺ ካላበራሻት ማንም አያበራትም። ከበራች በነጋታው በራችሁን አንኳኳለሁ፤ አባትሽ እስኪሰለቹኝ ድረስም እመላለሳለሁ። ካልበራች ገብቶኛል። ዳግመኛ በስልክም በሰውም አላስቸግርሽም። ቢቂላ።»

ቅዳሜ ዕለት አባቷ ማኅበር ሄደው ነበር። ትዕምርት የጄኔሬተሩን ገመድ አምስት ጊዜ ስባ በስድስተኛው አስነሳችው፤ መዳፏ ተላጠ። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «እንዴ፣ መብራት አለ እኮ!» ሲላት «እየሞከርኩት ነው» አለች። ሞተሩ እንዳይጠፋባት ከአጠገቡ አልራቀችም። ከግቢው በር መውጣትም አልደፈረችም። ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ ተንተባትቦ እስኪቆም ድረስ እዚያው ቆየች።

እሑድ ማንም በር አላንኳኳም። ሰኞም። በወሩ አንኳኩቶ የመጣው ቆጣሪ አንባቢው ነበር።

ስልክ መደወል ይቻል ነበር። ግን ምን ይባላል? «አብርቼልህ ነበር፣ ለምን ተውከኝ?» ይባላል? እምቢ ካለ ሰው ዘንድ ምክንያት መለመን ከእምቢታው ይብሳል ብላ ዝም አለች። ፋርማሲ ከፈተች። ለጋብቻ የጠየቋትን ሁለት ሰዎች መለሰች። ቤተሰቡ በኋላ በኋላ ያቺን አምፖል «ተቃጥላለች» ሲል ሰምታለች፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብላ አላየቻትም። ከአስፋልቱ ወደ ቤት ስትወጣ እዚያ ማዕዘን ላይ ስትደርስ መሬት መሬት ማየት ለምዳለች።

* * *

ቢቂላ በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። የሚኤሶ ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ከጆሮው በላይ ጥቂት ሽበት አለ። በትከሻው ያቺ አሮጌ የሸራ ቦርሳ ተንጠልጥላለች።

«አካም ጅርቱ እትዬ ቦጋለች?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለ።

«ፈያ፣ ፈያ። አንተ ልጅ፣ ከስለሃል! ሚስት የለችህም እንዴ የምታበላህ?»

«የለችም።»

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ሚኤሶ ይሞቃል እትዬ። እዚያ ሰው ጥላ እንጂ ሚስት አይፈልግም።»

ትዕምርት በሩ ላይ ቆማ ሰማች። «የለችም» የሚለውን ቃል ተቀብላ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ሳጥኑ አዞረች። ዓይኖቻቸው የተገናኙት ለቅጽበት ነው፤ ሁለቱም እንደ ተሳሳተ ሰው ዓይናቸውን አነሱ።

በቴስተሩ ጄኔሬተሩን ለካ፤ ደህና ነው። ሳጥኑ ላይ ለካ፤ ማሽን ሲሠራበት ኃይሉ ይወርዳል። «ከጄኔሬተሩ የሚመጣው ሰማያዊው ሽቦ ይመስለኛል። ብሎኑ ላልቶ እየተቃጠለ ነው። ለመሥራት ግን ሞተሩን ማጥፋት አለብኝ።» ወደ መስኮቱ፣ በእሱም ወደሚገባው ገመድ አየ። «እሳቸው ያለ ማሽኑ ስንት ይቆያሉ?»

«ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር አለኝ። አርባ ደቂቃ ይሄዳል።»

«በሠላሳ እጨርሳለሁ።»

ገብታ ቱቦውን ከማሽኑ ወደ ሲሊንደሩ አዛወረች፤ የአባቷን ጣት ነክታ «አባባ፣ በቀስታ ተንፍስ» አለች። ተመልሳ ወጣችና ሞተሩን አጠፋች።

ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጓራ የነበረው ነገር በአንዴ ጸጥ ሲል ጆሮ ይጮኻል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይሰማል፦ ከታች የባጃጅ ጥሩምባ፣ የብሎኑ መዞር፣ የሰው ትንፋሽ። የሳጥኑ ግድግዳ ከጋሽ ታደሰ መስኮት ሥር መሆኑን በዚያ ጸጥታ ማንም አላስታወሰም።

ወፍራሙን ሰማያዊ ሽቦ ሲያወጣው ጫፉ ከሰል ሆኗል። «ይኸው» አለ። ቆርጦ ጣለው። ከዚያው ብሎን ሥር ሌላ ቀጭን ሽቦ አብሮ ታስሮ ነበር። እሱንም መዘዘው፤ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። እጁ ቆመ።

ትዕምርት ባትሪውን ይዛለት ነበር። «ምነው?»

 ሽቦውን አዞረው። ሰማያዊው ላስቲክ ላይ የብሎኑ ጥርስ ያረፈበት ክብ ጠባሳ አለ፤ ከሱ ወዲያ አጭር መዳብ እንደ አዲስ ያበራል።

«ቢቂላ፣ ጊዜ የለንም። ምንድን ነው?»

«የማዕዘኗ አምፖል ናት። መመለሻ ሽቦዋ።» ጫፉን አሳያት። «ብሎኑ የነከሰው ላስቲኩን ነው። መዳቡን አልያዘውም። የሞከርናት ዕለት ጫፉ ነክቶ በራች፤ ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ለቀቀ ማለት ነው።»

«እና?»

«እና ቅዳሜ ዕለት አልበራችም።»

 የባትሪው ብርሃን ከሳጥኑ ወርዶ ጫማው ላይ አረፈ።

«ምን አልክ?»

«እስከ አንድ ሰዓት ብዬሽ እስከ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ። የቤታችሁን መስኮቶች ሁሉ አየሁ፤ ሁሉም በርተው ነበር። እሷ ብቻ ነበረች የጨለመችው።»

«አስነስቼው ነበር» አለች ትዕምርት።

ቀና አለ።

«አስነስቼው ነበር ቢቂላ። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ። እጄ ተልጦ…» መዳፏን ዘረጋችለት፤ ምንም የሚታይ ነገር እንደሌለ እያወቀች። «ድምፁን አልሰማህም?»

«ቅዳሜ ማታ፣ በዚያ ሁሉ የጫት አይሱዙ መሃል? ብሰማስ የማን ጄኔሬተር እንደሆነ በምን ለይቼ?» ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። «ይህ የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን እኮ እስካሁን ሰድቤው ነበር።»

ለመሳቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

«እኔ ያየህ መስሎኝ ነበር» አለች። «አይተህ የተውከኝ።»

«እኔ ደግሞ አንቺ…» ብሎ አልጨረሰውም።

 ስድስት ዓመት አንዲት የጥፍር ስፋት በምታክል ላስቲክ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አንብበው ሲጨርሱት የሚቆጡት ሰው አልተገኘም።

«ሲሊንደሩን እዪው» አለ ቢቂላ በመጨረሻ። «ስንት ቀረው?»

ሮጣ ገባች። መርፌው ቀይ መስመሩ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ራሳቸው ግን ከትራሱ ወደ መስኮቱ ዘመም ብሏል። ቦጋለች ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብላ፣ ለወትሮው የማያርፈው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ አባቷ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

«አንድ ሽቦ ላልቶ ነው አባባ።»



«አሥር ደቂቃ» አለችው ስትመለስ። «ቢበዛ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ ነበር፤ ለሁለቱም የበጀው ይኸው ነው። ወፍራሙን ሽቦ ላጠው፣ መዳቡን አጠፈው፣ አስገብቶ አጠበቀው፣ ሁለቴ ጎትቶ ሞከረው። ቀጥሎ ወደ ቀጭኑ ዞረ። ትዕምርት ሳትጠየቅ ሽቦውን ከወዲያ በኩል ያዘችለት። መዳቡን ደራርቦ አጥፎ ለብቻው ብሎን ሰጠው፤ ያንንም ጎተተው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከሚያስፈልገው በላይ ጎተተው። «አስነሺ» አለ። ሞተሩ ተነሳ፣ እጀታው ወደ ታች ወረደ፣ ቤቱ በሙሉ ሳይርገበገብ በራ። ማሽኑ ከውስጥ መተንፈስ ጀመረ።

አጠገብ ላጠገብ ቆመው ያንን የሌላ ሰው ትንፋሽ አዳመጡ። ከዚያ የሚቀርብ ነገር ሁለቱም አልደፈሩም።

* * *

አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ከሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። የከተማው መብራት ተመልሷል። ቢቂላ እጀታውን ወደ ላይ አደረገ፣ ጄኔሬተሩን አጠፋ፣ ቦርሳውን ሰበሰበ። በመስኮቱ በኩል «ይማርዎት ጋሼ» አለ። 

ትዕምርት እስከ ግቢው በር ሸኘችው።

«ደብዳቤው ላይ ዳግመኛ አላስቸግርሽም ብዬ ነበር» አለ መሬት እያየ። «ያኔ ጥፋቱ የአባትሽ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ቀጥሎ ያንቺ ነው አልኩ። ለካ የኔ እጅ ነው። ስድስት ዓመትሽን በአንድ ብሎን አቃጥዬ፣ ዛሬ ምን አፍ ኖሮኝ ልጠይቅሽ?»

«የኔን ብቻ አይደለም» ማለት ፈለገች። «ያንተም ነው፤ ከጆሮህ በላይ አይቼዋለሁ» ማለት ፈለገች። አንዱንም ሳትል የበሩን ጠርዝ ጨበጠች። እሱ ዝምታዋን እንደ መልስ ተቀበለው፤ ከዚህ በፊትም ጨለማን እንደ መልስ ተቀብሎ ያውቃል። ራሱን ዝቅ አድርጎ ተሰናበታትና ዳገቱን ወረደ።

ትዕምርት በሩን ይዛ ቀረች። የጫማው ድምፅ በኮረቱ ላይ እየራቀ ሲሄድ፣ ያን ዕለት ከሞተሩ አጠገብ የቆመችው ልጅ ታወሰቻት። ያቺ ልጅ መልስ ሰጥታ ነበር። የሰማት አልነበረም።

ዞረች። ወደ ጄኔሬተሩ ሄደችና ገመዱን ጨበጠች። በሦስተኛው ተነሳ።

«ትዕምርት!»

ከላይ፣ ከመስኮቱ ነው። መጋረጃው ተገልጦ የአባቷ ፊት ከነቱቦው ይታያል፤ ቦጋለች ከኋላ ደግፋቸዋለች።

«አቤት አባባ።»

«መብራት አለ እኮ።»

«አለ።»

ጋሽ ታደሰ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደባቸው። ትዕምርት ዓይኗን ሳታነሳ ጠበቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቃል አውጥታባቸው አታውቅም፤ ዛሬም አላወጣችም፤ እጇን ግን ከሞተሩ ላይ አላነሳችም።

«ቤንዚኑ ሙሉ ነው?» አሉ።

«ግማሽ ነው።»

«ቦጋለች» አሉ ወደ ኋላቸው ዞረው፣ ቃሉን እየቆራረጡ፣ «ውረጂና… ጨምሪበት። ዛሬም… እንዳያልቅባት።»

መጋረጃው ተመለሰ።  ትዕምርት ያን ጊዜ ያላደረገችውን አደረገች፤ ሞተሩን ትታ በግቢው በር ወጣች፣ ግንቡን ተከትላ ወደ ማዕዘኑ ሄደች፣ ቀና አለች።

በርታለች። ትንሽ፣ ቢጫ፣ አቧራ የጠጣች አምፖል ናት። የሰፈሩ መብራት ሁሉ በርቶ ሳለ ማንም ሌላ ሰው ልብ የሚላት አይደለችም።

ከታች አስፋልቱ ዳር የሚኤሶ ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ ይጣራል። ቢቂላ ቦርሳውን ለመጫን ጀርባውን ወደ ዳገቱ ሰጥቷል። ትዕምርት አልተጣራችም። አይሱዙ አለፈ፣ ሌላ አይሱዙ አለፈ፣ አቧራው ተነስቶ ወረደ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ልቧ አብሮት ሄደ።

አቧራው ሲጠራ ሰውየው እዚያው ነበር፤ ቦርሳው ከእግሩ ሥር፣ ፊቱ ወደ ላይ። በመጀመሪያ አምፖሏን ነበር የሚያየው። ቀጥሎ ከሥሯ የቆመችውን አያት።

ትዕምርት እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፋባት። ማውለብለብም፣ መሸሸግም አልቻለችም። በዚያች ደካማ ብርሃን ውስጥ መዳፎቿን ገልጣ ቆመች፤ መታየት እንዲህ ይናፍቃት እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።